የግንቡ አሟሟት

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድህ የአጎቴ ልጅ፣

ከራሴ ጤና በፊት የጎረቤቴን ልንገርህ። ታናሹ በያጅ አናቱ ዘጠኝ ቦታ ተሰፍቷል። ጤና ጣቢያ አድሮ ትናንት በእግሩ ተመልሷል፤ ግን ጎንበስ ሲል ቤቱ ይዞርበታል። ሚስቱ ገና ሁለተኛ ወሯን የያዘች እርጉዝ ናት፤ አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንድ እጇን እሱ ትከሻ ላይ አድርጋ ስትደግፈው አንጀት ትበላለች። ታላቅ ወንድሙ በግድግዳ ማዶ እየኖረ አንዴ እንኳን «እንዴት ዋልክ» አላለውም። ምን ብሎ ይጠይቀው? የፈነከተው ራሱ ነዋ!

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እኔ ጤና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል። ያሳደገን አምላክ አንተንም በሰው አገር ካለው ስለት ሁሉ ይጠብቅህ፤ በተለይ ከምትሠራበት የወረቀት መቁረጫ።

ነገሩ የሆነው እኔው ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የመጽሐፍ ማከራያዬን ታውቀዋለህ፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ይሞሉና ጥግ ይዞ የሚቆም ሁሉ ይኖራል። የላክልኝን የጀግናውን የግንቡን የሥዕል መጽሔት ቁጥር አርባ አራት ለጥፌ ጨርሼ ነበር። አንተ በስስ ወረቀት የተረጎምከውን ቃል አንድ በአንድ በመቀስ ቆርጬ፣ ከሰዎቹ አፍ በሚወጣው ነጭ ክብ ላይ በዱቄት ሙጫ ስለጥፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በግንቡ ቦታ የተተካችው ልጅ ጥሩሩን ለብሳ ባቡሩን በደረቷ የምታቆምበት ነው። ታናሹ አነበበና ብድግ አለ።

«ይኸውላችሁ! ግንብ ማለት እንዲህ ነው!»

«እሷ ናት ግንብ?» አለ ታላቁ። «የሸምበቆ አጥር! ነፋስ ሲመጣ ታፏጫለች እንጂ ምን ታቆማለች?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታናሹ ግን አልሳቀም። «አጥርም ብትሆን የቆመችው እሷ ናት። ያንተው ግንብ የት አለ?»

«ይመለሳል። በራሱ አፍ ተናግሯል፤ ቁጥር አርባ አንድን ግለጥ!»

«ሥዕሉን አታይም እንዴ? ሣጥን ውስጥ ነው እኮ!»

«ሥዕል ያታልላል። ቃል ቃል ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ መቼም አፉ አያርፍ፣ «ሣጥን ውስጥ ገብቶ ትንሽ አርፎ የወጣ ደንበኛ እኔ የለኝም» አለ። ይሄኔ ታናሹ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ እዚህ አልጽፈውም። ታላቁ አግዳሚውን ከነተቀመጡበት ሁለት ሰዎች ገልብጦ፣ እግሩን ነቅሎ፣ ወንድሙን አናቱ ላይ አሳረፈበት። ሲወድቅ ደገመው። ሦስተኛውን አራት ሰው ሆነን ያዝነው። የአርባ አራት ገጽ አሥራ ሁለት ዛሬም በደም ተጣብቆ አልገለጥም ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁለት ነው፤ «ግንቦች» እና «አጥሮች»። ዳቦ ሻጯ እንኳን «የማን ወገን ነህ?» ብላ ነው የምትሸጠው።

እና እባክህ፣ ቀጣዮቹን ቁጥሮች ቶሎ ላክልኝ። ደግሞ ለብቻው በአንድ ወረቀት «ግንቡ አልሞተም» ብለህ ጽፈህ ፈርምልኝ። መጽሔቱ በሚታተምበት ቤት የምትሠራ ሰው ነህና ያምኑሃል። ለምን አትበለኝ።

የምትሳሳልህ የአጎትህ ልጅ

ኅዳር 22 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ብርዱን ከምማረር በቀር ደህና ነኝ። እድሜ ይስጥሽ፤ ቤትሽን ከክፉ ይሰውርልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ አልገባኝም። እታለም፣ ግንቡ ሞቷል። ቁጥር አርባ አንድ ገጽ ሠላሳ ላይ፣ ድልድዩ ከተጫነው በኋላ፣ ልጅቷን «ከእንግዲህ እኔ የለሁም። አንቺ ቁሚበት» ይላታል። በገዛ እጄ የተረጎምኩት ነው፤ ግልባጩም እኔ ዘንድ አለ። እንዲህ እያለ እንዴት «ይመለሳል» ይላሉ? አልሞተም ብዬ ብፈርም የማሳፍረው ራሴን ነው።

ክርክሩ እዚህም አለ። «አሮጌው ይመለስ» የሚሉና «ልጅቷ ትቀጥል» የሚሉ በማተሚያ ቤቱ በር ላይ ይሰለፋሉ። ትንሽ ግርግርም ነበር። ያን ያህል አይደለም።

አንድ የማስቸግርሽ ነገር አለ። አባ ብረቱን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብየዳ ሲያስተምሩኝ አንድ ቀን አልመቱኝም፤ ልጆቻቸው እንዲህ ሲፈናከቱ እንዴት ዝም አሉ? ዓይናቸውን የብየዳው ብልጭታ ከወሰደው ወዲህ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ። አርባ አንድን ስታነቢላቸው ምን አሉ? እሱን ጻፊልኝ። ለእሳቸው ብዬ ነው ያን ገጽ ስተረጉም አንድ ሌሊት የፈጀሁት።

አርባ አምስትንና አርባ ስድስትን ልኬያለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 9 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ፈጣሪ ልብህን ያስፋልኝ፤ ዛሬ ሰፊ ልብ ያስፈልግሃል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፎታል። ሰባት ጊዜ ጀምሬ ሰባት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አባ ብረቱ የሉም። ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን አርፈዋል። ሳንባቸው ነው፤ አርባ ዓመት የብየዳ ጭስ የዋጠ ሳንባ። ለብቻህ በሰው አገር እንዴት ትሰማዋለህ ብዬ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው እየራቀ ሄደ። ከራቀ በኋላ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝ።

ሌላም አለ፤ ከዚህ የባሰው።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት መጽሔቱን ይዤ ገባሁ። ገና አልለጠፍኩትም፤ ያንተን ወረቀት ከሥዕሉ ጎን ይዤ ነበር የማነበው። ታላቁ ልጃቸው ራስጌያቸው ተቀምጧል። «ግንቡስ?» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ። «ድልድዩ ሥር ነበር የተውነው።» ገጽ ሠላሳን ገለጥኩ። «ከእንግዲህ እኔ የለሁም» የሚለውን አየሁት፤ አፌ ግን እምቢ አለ። ለሚሞት ሰው ሞት እንዴት ይነበባል? ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «ትንሽ ልረፍ። እስክመለስ ቦታዬን ጠብቂልኝ» ብዬ አነበብኩ።

ሽማግሌው የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ። «ሰማህ? ጠብቅ» አሉት። ከዚያ በኋላ ለእሱ የተናገሩት ሌላ ቃል የለም።

ቤቴ ስገባ ፈራሁ። ነገ ገጹን ገልጦ ቢያይስ? ያንተን ቃል እሳት ውስጥ ከትቼ የራሴን ጻፍኩና ለጠፍኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ በዱቄት ሙጫም አይጠገንም።

ታላቁ ያን ቃል እንደ ኑዛዜ ያዘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወርክሾፓቸው ውስጥ አባቱ የሰቀሉት መዶሻ ከምስማሩ አይወርድም፤ በርጩማቸው ላይ ማንም አይቀመጥም። ታናሹ አዲስ መበየጃ ገዝቶ ቢያመጣ አውጥቶ መንገድ ላይ ከሰከሰው። በጥቅምት ያልጻፍኩልህ የታናሹ ቃልም ይኸው ነበር፤ «ግንቡም ሞቷል፣ አባባም ሞተዋል፣ አንተ የማንን በር ነው የምትጠብቀው?» ነው ያለው። አሁን ገባህ? እነሱ ስለ መጽሔት የሚጣሉ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጠቡ ወደ መንገድ ወጣ። ግንቦች በዚህ፣ አጥሮች በዚያ ተሰለፉ። የብስክሌት ሰንሰለት የያዘ አለ፣ ጡብ በካልሲ ውስጥ ከቶ የሚያወናጭፍ አለ። ልብስ ሰፊውን መንጋጋውን መቱት፤ አሁን በቀጭን ቱቦ ነው የሚመገበው። ግንቦቹ መስታወቴን ሰብረው ገቡና ልጅቷ ጥሩሩን የለበሰችባቸውን መጽሔቶች በሙሉ ደጄ ላይ ከምረው አቃጠሉ። እሳቱን ላጠፋ ስል አንዱ በክርኑ ደረቴን ደለቀኝ። ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ በትሕትና መጽሔት ሲከራይ የኖረ ሰው ነው።

ያን ወረቀት አልፈልገውም፤ አትፈርምልኝ። ምን እንደማደርግ ንገረኝ እንጂ። እውነቱን ብናገር ቤቴን ከነነፍሴ ያነዱታል። ዝም ብል አንደኛው አንደኛውን ይገድለዋል።

ይቅር በለኝ ማለት ከበቃኝ፣ ይቅር በለኝ።

እህትህ

ሚያዝያ 3 ቀን

እታለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ማሽኑ ሥር ቆሜ ነው ያነበብኩት። አለቃዬ «ምን ሆንክ?» አለኝ። በእሱ ቋንቋ «አባቴ ሞተ» አልኩት፤ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ለሟች አዘንሽ። እኔን ግን ለሞተ ሰው ሰላምታ አስላክሽኝ። «ግንባራቸውን ሳሚልኝ» ያልኩበትን ሳስታውስ ራሴን በጥፊ መምታት ያሰኘኛል። ተቀይሜሻለሁ። ቅያሜዬ ግን ከአንቺ ጋር ያለኝን ነገር አይቆርጠውም፤ ስለዚህ ወደ ጉዳይሽ ልመለስ።

ስሚ። መጽሔቱን የሚያወጡት ሰዎች ጠቡ ሲበዛባቸው አዲስ ነገር አመጡ። ከቁጥር አንድ እንደገና ጀምረውታል። ግንቡ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኗል፤ ድልድይ የለም፣ ልጅቷ የለችም፣ ሞትም የለም። አንቺ በዱቄት ሙጫ ያደረግሽውን እነሱ በትልቅ ማሽን አደረጉት፤ ማንም አልከሰሳቸውም። ከነትርጉሙ ልኬልሻለሁ። ለጥፊውና ዝም በይ። የአርባ አንድ ነገር በራሱ ጊዜ ይረሳል። ዝም ያለ ሰው ብዙ ነገር ያልፍለታል፤ እኔም ከዚህ በር ላይ ያየሁት ነገር አለ፣ ዝም ብያለሁ፣ ይኸው እየሠራሁ ነው።

ስለ መስታወቱ አዝናለሁ። የደረትሽን ነገር ሐኪም ይየው።

የአጎትሽ ልጅ

ግንቦት 20 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ታናሹ በያጅ ግራ ዓይኑ ጠፍቷል።

እንዳልከኝ አደረግኩ። አዲሱን ቁጥር አንድ ለጥፌ ቅዳሜ አወጣሁት። ታላቁ ሽፋኑን ሲያይ እንደ ሕፃን ዘለለ። «መጣ! አላልኳችሁም? መጣ!» እያለ በየአግዳሚው ሰው እያቀፈ ሳመ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየሁት፤ እኔም «ተመስገን፣ አለቀ» አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ገጽ በገጽ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ይሄኛው ግንብ ድልድዩን አያውቀውም። ልጅቷን አያውቃትም። አርባ መጽሔት ሙሉ የተዋጋላቸውን ሰዎች አንዳቸውንም አያውቅም።

«እትዬ፣ ይሄ ማን ነው?» አለኝ።

ታናሹ ከኋላ «እስክመለስ ያለህ ይሄ ነው እንዴ? ጢም እንኳን አላበቀለም!» አለ። «ግንብ አይደለም፤ አንድ ጡብ ነው!» ፀጉር አስተካካዩ «ጡቡ!» ብሎ ጮኸ፤ ስሙ እዚያው ጸደቀለት። ሰዉ ሲስቅ ታላቁ መጽሔቱን አጥፎ በእርጋታ መለሰልኝና ወጣ። እርጋታው ነው ያስፈራኝ።

ሰኞ ጠዋት ታናሹ ወርክሾፕ ገባና የአባቱን በርጩማ ስቦ ተቀመጠበት፤ ሊበይድ። ታላቁ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስሮ ፌሮ እየቆረጠ ነበር። ክርክር እንኳን አልነበረም። ፌሮውን ከሞርሳው ፈታና ፊቱ ላይ አሳረፈበት።

ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ታናሹ ቆሟል። ዓይኑን በመዳፉ ይዞታል፤ በጣቶቹ መሃል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም። ታላቁ ደገመው። የትከሻው አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። እኔ ፌሮው ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ከነፌሮው ወዲያና ወዲህ ወዘወዘኝ። ሌሎች ደርሰው እስኪይዙት ድረስ ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለው፤ «ጠብቅ ተብያለሁ። ጠብቅ ተብያለሁ።»

ታናሹ ሆስፒታል ነው። ፖሊስ ሲጠይቀው «ላሜራ ወደቀብኝ» አለ። ወንድሙን አዝኖለት እንዳይመስልህ። ልጠይቀው ስሄድ ጆሮዬን ወደ አፉ ስቦ «እስር ቤት ከገባ አላገኘውም። ስወጣ እገድለዋለሁ» አለኝ። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ገና አላቀፋትም። ታላቁም ሰምቷል። ከላሜራው አጥር ቀዳዳ አየሁት፤ ሦስት ፌሮ እንደ ጦር አሹሎ ግድግዳው ላይ ደርድሯል። ሐኪሞቹ ቁስሉ ስላመረቀዘ ከወር በፊት አይወጣም ብለዋል። ያለኝ ጊዜ ይኸው ነው።

ያንን የአርባ አንድ ግልባጭ ላክልኝ። ሌላ ነገር አልለምንህም።

እህትህ

ሰኔ 12 ቀን

እታለም፣

ግልባጩ ከዚህ ጋር አለ። ከታች ቀኑንና ስሜን ጽፌበታለሁ፤ የእኔን ቃል አንቺ እንደቀየርሽውም ጽፌያለሁ፣ ስትነግሪያቸው ብቻሽን እንዳትሆኚ።

ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የዚያ ዓይን ግማሽ ዕዳ የእኔ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩሽ ማወቅ ይገባሻል።

በኅዳር «ትንሽ ግርግር» ያልኩሽ ይህ ነው። ልጅቷን የምትስለው ሴት አንድ ጠዋት ሥዕሎቿን ይዛ ስትመጣ ስድስት ሰዎች በሩ ላይ ጠበቋት። «ግንቡን የገደልሽው አንቺ ነሽ» እያሉ ፀጉሯን ይዘው ከመስታወቱ በር ጋር አላተሟት። እኔ ከውስጥ ነበርኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ፊቷ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ አየችኝ፤ «ክፈት» ስትል ከንፈሯን አነበብኩት። አልከፈትኩም። ስድስት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ፣ የሰው አገር ነው አልኩ። የምትስልበትን እጇን ደረጃው ላይ ዘርግተው በተረከዛቸው ሲረግጡት ቆሜ አየሁ። ሲሄዱ ከፈትኩላት። ከዚያ ወዲህ አልሳለችም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ከቁጥር አንድ የጀመሩትም ለዚህ ነው፤ የሚስላት ጠፍቶ።

በየቀኑ በዚያ በር እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

እንግዲህ ምክሬን አትስሚ። ያሰብሽውን አድርጊ። አምላክ ከፊትሽ ይቁም።

ወንድምሽ

ሐምሌ 29 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። በሕይወት አለሁ፤ ሁለት ጥርስ ብቻ ጎድሎኛል። የጎደለው ከፊት ስለሆነ ሳልፈልግ ነው የማፏጨው፤ «አጥሮች» የእኛ ወገን ናት ብለው ደስ ብሏቸዋል።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ስለ ሠዓሊዋ አነበብኩና ብዙ አለቀስኩ። ፈሪ ነህ አልልህም፤ እኔ ማን ሆኜ። ግልባጩን ከቁጥር አርባ አንድና ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር ከረጢት ውስጥ ከትቼ ቀን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሰኔ ሃያ ስምንት ታናሹ ወጣ። ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ አልሄደም፤ ዓይኑ እንደተጠቀለለ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ። ከኋላ ኪሱ የመዶሻ እጀታ ብቅ ብሏል። ሮጬ ቀደምኩትና በሩ ላይ ቆምኩ። ቁመቴን ታውቀዋለህ፤ ግንብ ቀርቶ ደረጃ እንኳን አይወጣኝም። ታላቁ ከውስጥ የሾለ ፌሮውን ይዞ ተነሥቷል።

«እትዬ፣ ይውጡልኝ» አለ ታናሹ።

«እወጣለሁ። መጀመሪያ ይሄን እዩ።»

ገጽ ሠላሳን ገልጬ በሩ አጠገብ ባለው ሞርሳ ላይ ዘረጋሁና የለጠፍኩትን በስፖንጅ አራስኩት። ሙጫው አጥብቆ ስለያዘ ወረቀቱ እየተቀደደ ነው የተላጠው። ከሥሩ የባዕድ አገሩ ፊደል ወጣ። ከዚያ ያንተን ግልባጭ አነበብኩ፤ «ከእንግዲህ እኔ የለሁም። አንቺ ቁሚበት።» ቀጥዬም «ለአባታችሁ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጠብቅ ያስባለው ቃል የእኔ ነው። ግንቡ እንዲያ አላለም። አባታችሁም ከእኔ የሰሙትን ነው የደገሙት።»

ታላቁ ገጹን አየ፤ እኔን አየ። «አንቺ!» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ልጅ ነው፤ ከጡጫው በፊት ያመመኝ እሱ ነው። ጡጫው አፌ ላይ አረፈ። ስወድቅ ጭንቅላቴ ከሞርሳው ጋር ተጋጨ፤ አፌ ውስጥ ጥርሴ እንደ ጠጠር ሲንከባለል ይታወቀኛል። ፌሮውን ከላዬ ሲያነሣ አየሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልደረሰብኝም። ስገልጥ ታናሹ ፌሮውን በባዶ እጁ ይዞታል። ጫፉ መዳፉን በስቶ በጀርባው ወጥቷል። መዶሻው ኪሱ ውስጥ ነው፤ አላወጣውም። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንዲት ፌሮ ተያይዘው ቆመው ይተያያሉ፤ አንዱ በሁለት ዓይን፣ አንዱ በአንድ።

«አባባ የጠየቁትን ነው የሰጠቻቸው» አለ ታናሹ። «ፈርተው ነበር። እኔም ብሆን ያንን ነበር የማነብላቸው። አንተ ብትሆን ምን ታነብላቸው ነበር?»

ታላቁ ፌሮውን ለቀቀና ዓይኑ የትም ሳያርፍ ወጥቶ ሄደ። እስከ ዛሬ ያየው አልነበረም።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰው አይለየውም። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ደጄ ላይ ክብሪት ይዞ የሚመጣ ነበር የጠበቅኩት፤ እሱ ግን ባልዲና ስፖንጅ ይዞ ነው። «ሌላስ ምን ለጥፈሽብናል?» አለኝ። ግንቦችም አጥሮችም ተከትለውት ገቡ፤ አግዳሚው ላይ ተደባልቀው ተቀምጠው ያላቃጠሉትን መጽሔት ሁሉ ከቁጥር አንድ ጀምሮ ላጡት። የባዕዱን ፊደል ማንም ማንበብ አይችልም፣ ግን ይልጣሉ። አንዱ «ይሄ ቦታ ላይ በእውነት ሰድቦታል ወይስ የአንቺ ነው?» ይለኛል፤ «የራሱ ነው» እላለሁ፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላል። በእነዚያ ልጣጮች ላይ ያለው ቃል ሁሉ ያንተ መሆኑን ምዬ ተገዝቻለሁ። ግማሹ አላመነኝም፤ ዳቦ ሻጯ ደግሞ «ያም ሆነ ይህ ያንቺው ይጥማል» ብላ ሄደች።

ልብስ ሰፊው መጣ። መንጋጋው ጠምሞ ስለገጠመ ዳግም ታስሯልና በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ «እኔ የተመታሁት ለማይረባ ነገር ነው ማለት ነው?» ይላል። እጁን ያዝኩ። እሱም አላስለቀቀኝም።

ታናሹ ልጁን አቅፎ መጣ፤ በተጠቀለለ እጁ፣ በተጠቀለለ ዓይኑ። «አንድ ዓይን ለሥዕሉ ይበቃል፤ ቃሉንማ ማን ያምናል» አለና ሳቀብኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ይመጣል። ስለ ወንድሙ አልጠየቀኝም፤ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ደህና ዓይኑ ወደዚያ ይዞራል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ደግሞ ቤቱ ባዶ እያለ ታላቁ ገባ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ አልዋሽህም፣ መቀሱን አነሣሁ። አየውና አግዳሚው ላይ ተቀመጠና «አርባ አንድን ያንብቡልኝ» አለኝ። «ድልድዩ ከሚወድቅበት ይጀምሩ። ምንም ሳይቀይሩ።»

አነበብኩለት። ድልድዩ ወደቀ፤ ልጅቷ ጠራችው፤ «ከእንግዲህ እኔ የለሁም» አላት። ከዚያ የሣጥኑ ገጽ ነው፤ እዚያ ላይ ቃል የለም፣ ዝም ብዬ ገለጥኩለት። እንባው አገጩ ድረስ ሲወርድ አልጠረገውም። ነሐሴ ላይ፣ አባቱ ሲቀበሩ አላለቀሰም ነበር፤ አስታውሳለሁ፣ ሰዉ ሁሉ ታዝቦታል።

«አለቀ?» አለ።

«አለቀ» አልኩት።

ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ እኔን ሳይሆን ተርታውን ባዶ አግዳሚ እያየ፣ «ወንድሜ የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ቅዳሜ፣ ከሥራ በኋላ» አልኩት።

«እንደመጣሁ ይንገሩት» አለኝ።